ለግንቦት የተሰጠ ድምፅ

የግንቦት ልደታ ዕለት የሰፈራችን ሰው ደጅ ይውላል። ጎረቤቶቻችን አብዛኞቹ ኦርቶዶክስ ናቸው። ንፍሮውን ውጭ ይቀቅሉታል፤ እሳቱ ከእንጦጦ በወረደ የባሕር ዛፍ ቅጠል ስለሚነድ ጭሱ መንደሩን ከላይ እስከ ታች ይሞላዋል። እኛ ካቶሊኮች ነን፤ ግን ንፍሮው ላይ ማንም ሃይማኖት አይጠይቅም። እማዬ በርጩማዋን ይዛ ትወጣና ከሴቶቹ ጋር ትቀመጣለች። እኔ በልጅነቴ ሁለቱንም ኪሴን ባቄላ ሞልቼ ነበር የምገባው። ያ ጭስ ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። ዘንድሮ ሲሸተኝ ጥርሴን ነከስኩ። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ግንቦት የማርያም ወር ነው። እህቴ ቬሮኒካ ድምጿን የሰጠችው በግንቦት ነው። የሞተችውም አምና በግንቦት ነው።

ጽሑፍ ላይ ጎበዝ አይደለሁም። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ጎሚስታ ቤት ገባሁ፣ እስከ ዛሬም እዚያው ነኝ። እጄ የለመደው ጎማ ነው። ስለዚህ ነገሩ ቢቆራረጥብኝ... በቃ፣ እንደመጣልኝ ልናገር።

ቬሮ በስድስት ዓመት ትበልጠኝ ነበር። እኔ ትንሽ ሳለሁ ሽሮ ሜዳ እንዲህ አልነበረም። ነጠላና ቀሚስ የሚሸጡት ሱቆች የቆርቆሮ ነበሩ፤ ልብሱን ውጭ ይሰቅሉት ስለነበር ነፋስ ሲመጣ ጥለቱ ፊታችንን እየመታን ነበር የምናልፈው። ማዕዘኑ ላይ የካሴት ሱቅ ነበረች። ባለቤቱ ስፒከሩን በሩ ላይ አስቀምጦ ቀኑን ሙሉ ሲያስጮህ ይውላል፤ ሰው ታክሲ ሲጠብቅ በነፃ ይሰማል። ፒያሳ በሳንቲም ይኬድ ነበር። ረዳቱ መልስ ሲያጣ ማስቲካ ይሰጥሃል፣ ማስቲካውን ደግሞ ከቬሮ ጋር ለሁለት እንከፍለዋለን። እሷ በኮንጎ ጫማዋ፣ እኔ እሷ ባጠበበችልኝ ሹራብ፣ ዳገቱን ስንወጣ የካሴት ሱቁን ዘፈን እስከ ቤት ድረስ ትይዘዋለች። እየዘፈነች መሆኑን እንኳ አታውቅም። ልብስ ስታሰጣም እንደዚያው ነው። አንዴ ዘፈን፣ አንዴ የማርያም መዝሙር፣ አንዴ የራሷ የሆነ ቃል የሌለው ነገር። ጎረቤታችን እማማ ዘነቡ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው «ይቺን ልጅ ለእኛ ሰንበት ትምህርት ቤት ስጡን እንጂ» ይሉ ነበር። እማዬም «እናንተ ሞልታችኋል፣ እኛ ያለችን አንድ ናት» ብላ ትመልሳለች። በዚህ ሁለቱም ይስቁ ነበር።

ቤተ ክርስቲያናችን ትንሽ ናት። ያኔ መዘምራኑ የሚቆሙት ከኋላ፣ በበሩ አጠገብ ነበር። ቬሮ ብቻዋን የምትለው ክፍል ሲደርስ ከውጭ መንገደኛ ይቆም ነበር። ከሸማኔ ቤት የሚወጡ ልጆች አጥሩን ተደግፈው ሲሰሙ በዓይኔ አይቻለሁ። እኔ ደግሞ «እህቴ ናት» እላቸዋለሁ፣ ሳይጠይቁኝ።

ቅዳሜ ከሰዓት የልጃገረዶች ማኅበር ነበር። ነጭ ሸሚዝ፣ ከጉልበት የወረደ ሰማያዊ ጉርድ፣ አንገት ላይ በሰማያዊ ሪባን የተንጠለጠለ የማርያም ሜዳልያ ያደርጋሉ። ኃላፊዋ እትዬ አልጋነሽ ነበሩ። ልጅ አልወለዱም፤ እነዚያን ልጃገረዶች ግን እንደ ልጆቻቸው ነበር የሚያዩዋቸው፣ ይሄን አልክድም። ጨዋነትና ትሕትና ያስተምሩ ነበር። እንዴት እንደሚቀመጥ። ሲሳቅ አፍ እንዴት እንደሚሸፈን። ታክሲ ውስጥ ዓይን የት እንደሚያርፍ። ሰው ሲያመሰግንሽ አንገትሽን ደፍተሽ «ማርያም ናት» በዪ ይሉ ነበር። እኔ ቬሮን ለመጠበቅ ደጅ ስቀመጥ በመስኮቱ ሁሉንም እሰማለሁ፤ አንድ ቀን ማታ እቤት ስደርስ እማዬ ወጥ ጨመረችልኝና «ማርያም ናት» ብዬ አንገቴን ስደፋ አባዬ ውኃው ትን ብሎት እንደነበር አስታውሳለሁ።

ሁሉም መጥፎ አልነበረም። ቬሮ እማማ ዘነቡ የታመሙ ጊዜ ልብሳቸውን አጥባ፣ አድርቃ፣ ማን እንዳጠበው ሳይታወቅ ትመልስላቸው ነበር። እሱንም የተማረችው ቅዳሜ ነው። ትሕትና ማለት እሱ ከሆነ እኔም ባርኔጣዬን አነሳለሁ። እኔን ያቃጠለኝ ሌላው ነው።

በግንቦት መግቢያ እያንዳንዷ ልጅ ለማርያም የምትተውላትን አንድ ነገር በልቧ ትመርጣለች። አንዷ ከረሜላ ትተዋለች፣ አንዷ በሻይ ላይ ስኳር፣ አንዷ ከታናሿ ጋር መጣላት። ምን እንደተወች ለማንም አትናገርም፤ ከተነገረ ስጦታ መሆኑ ይቀራል ይባላል። ከዚያ ከቀለም ወረቀት አንድ አበባ ትሠራና በማርያም ሐውልት እግር ሥር ታስቀምጣለች። ወሩ ሲያልቅ አበቦቹ ተሰብስበው ግቢው ውስጥ ይቃጠላሉ፤ ልጆቹም በማግስቱ ወደ ከረሜላቸው ይመለሳሉ። ደረጃው ላይ ተደርድረው ጉንጫቸው በከረሜላ አብጦ ሲሳሳቁ ትዝ ይለኛል።

በዚያ ዓመት ቬሮ አልተመለሰችም። እኔ ምኑ ይገባኛል። ልብስ ስታሰጣ ዝም። ዳገቱን ስንወጣ ዝም። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከመዘምራኑ ጀርባ ትቆማለች፣ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ የለም። ቆይታ ከመዘምራኑም ወጣች፤ ነጠላቸውን የምታጥብና የምትተኩስ ሆነች። ለምን እንደማትዘፍን ስጠይቃት ፀጉሬን ታሻሽና ትሄዳለች። ትልልቆቹ ሰዎች ግን ወደዱት። አደገች አሉ። ጭምት ሆነች አሉ። ለእማዬ የሚመጣው ምስጋና ብዛቱ! የካሴት ሱቋ ተዘጋች፣ በቦታዋ የሞባይል ካርድ መሸጫ ተከፈተ፣ የታክሲው ሳንቲም ብር ሆነ፣ ቬሮ ዝም እንዳለች ነበር።

አባዬ ግንበኛ ነበር። የሞተው በሳንባው ነው። የቀብሩ ዕለት እማዬ ቬሮን ወደ ጓዳ ወስዳ ያንን አባዬ የሚወደውን የማርያም መዝሙር እንድትልለት ለመነቻት። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። ቬሮ አንገቷን ደፋች። እማዬ ደግማ ለመነቻት። ቬሮ እንባዋ እየወረደ ራሷን ነቀነቀች፣ አይሆንም። እማዬ ከዚያ በኋላ ስለ መዝሙር አንድ ቃል አንስታ አታውቅም። ለምን እንደሆነ ያወቅኩት ዘንድሮ ነው።

አምና ቬሮ ኩላሊቷ ደከመ። ሆስፒታል ተኝታ ሳለ አንድ ከሰዓት እማዬ ልብስ ልታመጣ ስትወጣ ሁለታችን ብቻ ቀረን። እንደ ቀልድ ያንን የድሮውን መዝሙር በይልኝ አልኳት።

«አልችልም» አለች።

ደክሟት መስሎኝ ተዪው አልኳት።

«ደክሞኝ አይደለም፣ ማሙሽ። ሰጥቼዋለሁ።»

«ለማን?»

«ለማርያም። ያኔ፣ በግንቦት።»

ከዚያ ቀስ እያለች ነገረችኝ። በዚያ ዓመት ሰው በሚቆርብበት ሰዓት ስትዘምር ሕዝቡ ዞር ብሎ አይቷታል። እትዬ አልጋነሽ ከቅዳሴ በኋላ ለብቻዋ ጠርተው ሕዝቡ ለመሠዊያው ጀርባውን ሰጥቶ አንቺን አየ አሏት። አልተቆጡም፤ እንዲያውም እጇን ይዘው ነበር። አሥራ አራት ዓመቷ ነው። አልቅሳ አደረች። በግንቦት መዝፈኗን ተወች፤ ቤተ ክርስቲያንም፣ ቤትም፣ መንገድ ላይም። አበቦቹ ሲቃጠሉ ደግሞ የተወችውን ነገር ስሙን ሳትጠራ፣ አንድ ሰው ትልቅ ነገር ቢሰጥ ወሩ ሲያልቅ ያልቃል ወይ ብላ እትዬ አልጋነሽን ጠየቀች። እሳቸው ወዲያው ገብቷቸዋል። የሌሎቹ ከረሜላ ነው አሏት፤ ትልቅ ስጦታ አይመለስም፤ ይመለስልኝ ብሎ ካህኑ አባ ተስፋ ዘንድ መሄድም ስጦታን መቁጠር ነው አሏት።

«ታዲያ አባን ለምን አልጠየቅሽም?» አልኳት።

«ከጠየቅኩ ተናገርኩ ማለት ነው። ከተናገርኩ ስጦታው ምኑ ላይ ነው?»

«አሁን ለእኔ ነገርሽኝ አይደል?»

ሳቀች። «አንተ አትቆጠርም» አለችኝ።

እሑድ አባን እጠይቃለሁ ብዬ አሰብኩ። እሑድ ሳይደርስ ሞተች።

ከአርባዋ በኋላ አባ ተስፋን፣ የቁምስናችንን ካህን፣ ጠየቅኳቸው። በቁምስናው ካገለገሉ ብዙ ዓመታቸው ነው፣ ቬሮንም ያቆረቧት እሳቸው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በቀሚሳቸው ጠረጉት። የግንቦት አበባ እኮ ግንቦት ሲያልቅ ያልቃል አሉኝ። የልጆች ልምምድ ነው፣ ስእለት አይደለም። ስእለት እንኳ ቢሆን አንድ ቀን ብትጠይቀኝ በአንድ ቃል... አልጨረሱትም። ከኋላ ቆማ ከንፈሯን ስታንቀሳቅስ ዘወትር እሑድ ያዩዋት እንደነበር፣ ድምጿ በዕድገት የጠፋ መስሏቸው እንደኖሩ ነገሩኝ። ማንም ምን ሆነሽ አላላትም። እኔንም ጨምሮ ሁላችንም ዝምታዋን እያየን አለፍን፣ እሳቸው ግን እረኛ ነበሩ። እጃቸውን ሳልስም ወጣሁ።

የሚያንገበግበኝ ምን መሰላችሁ? አሁን መዘምራኑ ከኋላ አይቆሙም። ከፊት፣ ከመሠዊያው ጎን ነው የሚቆሙት። ሰው መዞር የለበትም። ማይክም ተገዝቶላቸዋል። ያኔ ስምንት ልጆችን ከበሩ ወደ ፊት ማዘዋወር የማንንም ጉልበት አይጠይቅም ነበር። ልጅቷን ከማፈን ከፊት አንድ አግዳሚ ወንበር ማንሳት ይቀል ነበር እኮ!

ሙት ዓመቷ ዘንድሮ ደረሰ። ከቅዳሴው በኋላ ሰው ቤታችን መጥቶ በልቶ፣ ጠጥቶ፣ እያመሰገናት ተበተነ። ጭምት፣ ጨዋ፣ ድምጿ የማይሰማ። ይቺን «ድምጿ የማይሰማ» የምትለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር ብርጭቆዬን ጨብጬ ግድግዳ አያለሁ። በመጨረሻ የቀሩት እትዬ አልጋነሽ ነበሩ። አርጅተዋል። ጉልበታቸው አይታጠፍም፣ ሶፋው ላይ ለመቀመጥ ክንዳቸውን ይዤ ነው ያገዝኳቸው። ተቀምጠው ሻያቸውን ሲጨርሱ እማዬን አንድ ነገር ለመኗት። የቬሮን ፎቶ፣ ያንን ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ተከናንባ ወደ ታች የምታይበትን፣ በልጃገረዶቹ ክፍል እንሰቅለዋለን አሉ። ከዘንድሮ ጀምሮ አበባቸውን ሲያስቀምጡ የእሷ ታሪክ ይነገራቸዋል፤ ለትሕትና ምሳሌ ትሆናለች።

እማዬ ፊቷ ሲበራ አየሁ። ዓመቱን ሙሉ እንደዚያ ሆና አላየኋትም። ፎቶውን ከግድግዳው ልታወርድ ተነሳች። እኔ እዚህ ጋ ነው የተጨነቅኩት። ብናገር ይቺ የእናቴ አንዲት መጽናኛ ትፈርሳለች። ዝም ብል ሌላ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ያንን ፎቶ እያየች አፏን ትዘጋለች። እማዬ ፎቶውን አውርዳ በነጠላዋ ጫፍ መስታወቱን ስትጠርግ ነው ከአፌ የወጣው።

«ታሪኳ ሲነገር ምን ተብሎ ነው የሚነገረው?» አልኩ። «መዝሙር እንደተወች ይነገራል?»

እትዬ አልጋነሽ አዩኝ። «ማን ነገረህ?»

«ራሷ ናት። ሆስፒታል።»

እማዬ መጥረጓን አቆመች። ምንድን ነው የምትለው አለችኝ። ነገርኳት። እየተንተባተብኩ፣ ከኋላ ወደ ፊት፣ ከፊት ወደ ኋላ፣ ሁሉንም ነገርኳት። አባ ተስፋ ያሉኝንም ጭምር። እትዬ አልጋነሽ አላቋረጡኝም። ስጨርስ ወደ እሳቸው ዞርኩ።

«ግንቦት ሲያልቅ እንደሚያልቅ እርስዎ ያውቁ ነበር?»

ሜዳልያቸውን በጣታቸው ሲያሹት ቆዩ። መጀመሪያ ለነፍሷ ብዬ ነው አሉ። ድምፅ ስንቷን ልጅ ወዴት እንደወሰደ አይቻለሁ፣ ጠላቷ አልነበርኩም አሉ። አውቃለሁ፣ ጠላቷ አልነበሩም። ጠላቷ ቢሆኑ ኖሮ አትሰማቸውም ነበር። ደግሜ ጠየቅኳቸው።

«አውቅ ነበር» አሉ። «አንድ ዓመት ትቆይና እመልሳታለሁ ብዬ ነበር። ከዚያ ግን ከኋላ ቆማ ሳያት... ደስ ይለኝ ነበር፣ ልጄ። ከሁሉም የተሳካችልኝ እሷ ናት እል ነበር።»

የተሳካችልኝ! ጎሚስታ ቤት የምሳደበው ስድብ ሁሉ ምላሴ ላይ ደርሶ እማዬን አይቼ ዋጥኩት።

እማዬ ፎቶውን ደረቷ ላይ አስጠግታ ቆማ ነበር። የምታለቅስ መስሎኝ ነበር፤ አላለቀሰችም።

«የአባቷ ቀብር ዕለት ዘምሪለት ብዬ ለመንኳት» አለች ለእትዬ አልጋነሽ። «እምቢ አለችኝ። አባቷን እያሳለው ሥራ ሂድ ብዬ የገፋፋሁት እኔ ነበርኩ። አባቴን ገደልሽው ብላ የፈረደችብኝ መሰለኝ። ከዚያ ወዲህ ልጄ ቡና ስታቀብለኝ፣ እግሬን ስታጥበኝ፣ ይቅር አላለችኝም እያልኩ ነው የኖርኩት። አልጠየቅኳትም፤ አዎ ብትለኝስ ብዬ ፈራሁ።»

እትዬ አልጋነሽ አፋቸው ተከፈተ። «ይሄን አላወቅኩም» አሉ።

«አንቺ እዚያው ቀብሩ ላይ ነበርሽ፣ አልጋነሽ። ከአጠገቤ ቆመሽ ነበር። ለልጅቷ አንዲት ቃል ጆሮዋ ላይ ማለት ያቅትሽ ነበር? ዛሬ ለአባትሽ በዪ፣ ተፈቅዶልሻል፣ ማለት?»

እትዬ አልጋነሽ ፎቶውን በተመለከተ ምን ይሁን አሉ፣ ለማለት ያህል ይመስለኛል።

«ፎቶዋ አይወጣም» አለች እማዬ። «ለልጆቹ ታሪኳን መንገር ከፈለግሽ፣ ዘፋኝ ነበረች በያቸው። እኔ አልጋነሽ አሳስቻት ዝም አለች በያቸው። እንደዚያ ካልሽ እኔ ራሴ ፎቶዋን ይዤ እመጣለሁ።»

እትዬ አልጋነሽ ለመነሳት ሞከሩ፣ አልቻሉም። የማልደብቀው ነገር፣ ለትንሽ ጊዜ ሳላግዛቸው አየኋቸው። ከዚያ ክንዳቸውን ይዤ አነሳኋቸው፣ እስከ ታክሲው ሸኘኋቸው። በሩን ስዘጋላቸው እያለቀሱ ነበር። አላሳዘኑኝም። አንድ ቀን ያሳዝኑኝ ይሆናል፤ ይሄን ስጽፍ ገና አላሳዘኑኝም።

ስመለስ እማዬ ፎቶውን ቦታው አልመለሰችውም፤ ጭኗ ላይ አድርጋው ተቀምጣለች። ያ መዝሙር እንዴት ነበር አለችኝ። ቃሉን ሁለታችንም እናውቀዋለን፤ መጽሐፉ ላይ አለ። ቬሮ የምትለው ዜማ ግን ከመጽሐፉ ይለይ ነበር፤ መሀሉ ላይ የሆነ ቦታ ትሰብረዋለች። ሞከርኩ። እማዬ አይደለም፣ እዚያ ጋ ይወርዳል አለችኝና ራሷ ሞከረች፤ እሷም እንደሳተችው ታወቃት። ደግመን ሞከርን። በካሴት ዘመን ማንም ያልቀዳው፣ ስልክ በየኪሱ ሲገባ ደግሞ ያልነበረ ድምፅ ነው። ተውነው።

ስልኬን አወጣሁ። ቬሮ የላከችልኝ የድምፅ መልእክት ብዙ አለ፤ አንዱም መዝሙር የለውም። የመጀመሪያውን ከፈትኩ። «ማሙሽ፣ ስትመጣ ሽንኩርት ይዘህ ና። ትልልቁን እንዳታመጣ፣ ባለፈው ውስጡ የበሰበሰ ነው ያሸከሙህ። እሺ? በል ቻው።»

እማዬ ጆሮዋን ወደ ስልኩ አስጠግታ ሰማችው። ሲያልቅ ቀና አላለችም።

«እስቲ የሽንኩርቷን ድገምልኝ» አለች።

ደገምኩላት።